ስለ ተልባ፤ ፍሬውን ወስደን እግሩን ስለ መጣላችን

መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ሁሉ «የተልባ እግር» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ አግኝቶታል። የአሮን ልጆች ወደ መቅደስ ሲገቡ የሚለብሱት ልብስ፥ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታችንን ሥጋ የገነዘበት ጨርቅ፥ በዮሐንስ ራእይ የቅዱሳን ጽድቅ የተመሰለበት ንጹሕ ልብስ፥ በአማርኛው መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ በፍታ፥ አንዳንድ ጊዜም የተልባ እግር እየተባለ ይጠራል። በግእዝ ክታን የሚባለውም ይኸው ነው። ነገር ግን ይህን ቃል ዘወትር ከሚያነቡትና ከሚሰሙት መካከል፥ የተልባ እግር የተባለው ነገር በየዓመቱ ፍሬው ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ከአውድማው ዳር ተጥሎ የሚቀረው አገዳ ራሱ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ቃሉን ጠብቀን ነገሩን ጥለነዋል። ዛሬ በዚህ ዐምድ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በልዩ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ተልባ ቁመቱ ከአንድ ክንድ እስከ ሁለት ክንድ የሚደርስ፥ ቅጠሉ ቀጭን፥ አበባው ሰማያዊ፥ አንዳንዱም ነጭ የሆነ ተክል ነው። አበባው በማለዳ ይከፈታል፤ ቅጠሎቹም በዚያው ቀን ይረግፋሉ። ከዚህ በኋላ እንደ ትንሽ እንክብል ያለ ፍሬ ያንጠለጥላል፤ በውስጡም እስከ ዐሥር የሚደርሱ የሚያብረቀርቁ ዘሮች ይገኛሉ። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 ለአትክልት ሁሉ ስም ሲያወጣ፥ ለተልባ በላቲን ቋንቋ «እጅግ ጠቃሚ» የሚል ቅጽል ሰጠው። ይህንንም ስም ያለ ምክንያት አልሰጠውም። ከአንድ ተክል ልብስም፥ ምግብም፥ ዘይትም ይገኛልና። ይህን ሦስት ጥቅም አጣምሮ የያዘ ተክል ብዙ አይደለም።

ሰው ተልባን ማወቅ የጀመረበት ዘመን እጅግ የራቀ ነው። በጆርጂያ አገር በአንድ ዋሻ ውስጥ የቈፈሩ ሊቃውንት፥ 30,000 ዓመት ገደማ የሆነው የበረሃ ተልባ ቃጫ እንዳገኙ በ2009 አስታውቀዋል። በእርሻ መዝራት የተጀመረው ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፥ ስንዴና ገብስ በተጀመሩበት በምሥራቅ አቅራቢያ አገሮች ነው። ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ የዚያ አገር ትልቅ ሀብት ሆነ። ታርካን ከተባለ የግብፅ መቃብር የወጣ አንድ የተልባ እግር ቀሚስ ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይታያል፤ ዕድሜውም ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። እጅጌውና አንገቱ ሳይቀር እንደ ተሰፋ መቈየቱን የሚያይ ሰው፥ የዚህ ቃጫ ጥንካሬ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻውም።

የቅዱሳት መጻሕፍት ነገርም ከዚህ ጋር ይስማማል። በኦሪት ዘጸአት በዘጠነኛው ምዕራፍ በረዶ በወረደ ጊዜ ተልባና ገብስ እንደ ጠፉ፥ ስንዴ ግን ዘግይቶ የሚበቅል ስለ ሆነ እንደ ተረፈ ተጽፏል። ይህን የጻፈ ሰው የግብፅን የእርሻ ወራት ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው። በመጽሐፈ ኢያሱም ረዓብ ሰላዮቹን የሸሸገችው በሰገነቷ ላይ በተረበረበው የተልባ እግር ውስጥ ነበር። ከሰገነት ላይ የተሰጣው ለምንድን ነው? ቃጫውን ለማውጣት አስቀድሞ ማድረቅ ስለሚያስፈልግ ነው። ሕዝቅኤል ካህናት በመቅደስ ሲያገለግሉ የበግ ጠጕር እንዳይለብሱና እንዳያልባቸው፥ የተልባ እግር ብቻ እንዲለብሱ ሲናገር፥ ሄሮዶቱስም የግብፅ ካህናት ከተልባ እግር በቀር ሌላ እንደማይለብሱ ጽፏል። ይህ ልብስ ላብን ፈጥኖ ጠጥቶ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ገላን ያቀዘቅዛል።

እንግዲህ አገዳው ልብስ የሚሆነው እንዴት ነው ቢሉ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። የተልባ አገዳ በመካከሉ እንጨት የመሰለ ልብ አለው። በልቡና በውጭው ቅርፊት መካከል ደግሞ ረጃጅም የቃጫ ልጥ ተጣብቆ ይገኛል። ያጣበቀውም እንደ ሙጫ ያለ ነገር ነው። ለቃጫ የሚፈለግ ተልባ በማጭድ አይታጨድም፤ ከሥሩ ይነቀላል፤ የቃጫው ርዝመት እንዳይቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ ወይ በውኃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይዘፈዘፋል፥ ወይም በሜዳ ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ሳምንታት ጤዛ ይመታዋል። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታዩ ደቂቃን ሕያዋን ሙጫውን በልተው ቃጫውን ከእንጨቱ ያላቅቁታል። ጊዜው ካነሰ ቃጫው አይለቅም፤ ከበዛ ደግሞ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል፤ የባለሙያው ጥበብ ሁሉ ያለው ይህን ልክ በማወቅ ላይ ነው። ከደረቀ በኋላ ይቀጠቀጣል፤ የተሰበረው እንጨት ይራገፋል፤ በመጨረሻም ጥርሱ በረቀቀ ሚዶ ይበጠራል። ረጅሙ ቃጫ ለመልካም ጨርቅ፥ በሚዶው የቀረው አጭሩ ደግሞ ለገመድ፥ ለጆንያና ለወረቀት ይሆናል። ጥጥን መዳመጥና ማባዘት፥ በእንዝርት መፍተል፥ ድርና ማግ አድርጎ መሥራት ለኖረበት ሕዝብ ይህ ሥራ ፍጹም እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ስለ አገራችን ስንናገር የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአክሱም የቈፈሩ ሊቃውንት ከጥንቱ ሕዝብ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ የተልባ ዘር አግኝተዋል። ተልባ በኢትዮጵያ ደጋ የትናንት መጤ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። በሌላ ወገን ደግሞ በአንደኛው መቶ ዓመት ገደማ በጽርእ ቋንቋ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ የተጻፈው መጽሐፍ፥ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ሁለት ዘርፍ ያለውን የተልባ እግር ጨርቅ ይቈጥራል። የኢትዮጵያ ሰዎች ተልባን ያውቁት ሳለ ከተልባ የተሠራውን ጨርቅ ከባሕር ማዶ ይገዙ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ጥጥ ይመስለናል። ጥጥ ከቈላው በቅርብ ይገኝ ስለ ነበረ፥ የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም በኖባ አገር ስለ ነበረው የጥጥ ጐተራ ስለሚናገር፥ ሸማኔው ቀላሉን ጥጥ ይዞ አስቸጋሪውን የተልባ እግር የተወው ይመስላል። ይህ በዚያ ዘመን የማይነቀፍ አሳብ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን የፍሬውን ጥቅም ግን ከማንም አስበልጠው ያውቁት ነበር። የሩሲያው የአትክልት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927፥ ማለት በ1919 ዓመተ ምሕረት፥ ኢትዮጵያን ዞሮ ባየ ጊዜ፥ በሌላ አገር ለቃጫ ወይም ለዘይት የሚዘራው ተልባ በዚህ አገር ተፈጭቶ ለምግብ የሚሆን መሆኑን አይቶ ተደንቋል። የኢትዮጵያንም ደጋ የብዙ እህል ልዩ ልዩ ዘር ከሚገኝባቸው የዓለም ማዕከሎች አንዱ ነው ብሎ ጽፏል። በእርግጥም በጾም ወራት ተልባ ታምሶ፥ በሙቀጫ ተወቅጦ፥ በወንፊት ተነፍቶ፥ በውኃ ተበጥብጦ ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ ያልበላ የደጋ ሰው አይገኝም። ሆዱ የደረቀበት ሰውም በጥብጦ ይጠጣዋል።

የዛሬ ሊቃውንት መርምረው ያገኙት ነገር የባልትናውን ሥርዐት የሚያጸና ነው። ሙሉው ዘር ልጣጩ ጠንካራ ስለ ሆነ ሳይፈጭ በሆድ ያልፋል፤ ስለዚህ መወቀጡ ተገቢ ነው። በዘሩ ውስጥ ብዙ ከሆነ መርዝነት ያለው ነገር በጥቂቱ ይገኛል፤ እሳት ይህን ስለሚቀንሰው መታመሱ ተገቢ ነው። የተፈጨው ዱቄት ግን አየር ሲያገኘው ፈጥኖ ስለሚበላሽ፥ ለብዙ ጊዜ ከማስቀመጥ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይሻላል። ደግሞም ተልባ ውኃ ሲያገኘው እያበጠ የሚለጠልጥ ስለ ሆነ፥ የሚወስደው ሰው ውኃ አብዝቶ መጠጣት ይገባዋል። መድኃኒት የሚውጥ ሰውም ከተልባው ጋር በአንድ ሰዓት እንዳይወስደው ያስፈልጋል፤ ልጥልጡ መድኃኒቱን በደም እንዳይሠርጽ ሊያዘገየው ይችላልና።

ከዘሩ ክብደት ከመቶ 35 እስከ 45 የሚሆነው ዘይት ነው። ከዘይቱም ከግማሽ የሚበልጠው ኦሜጋ ሦስት ከሚባሉት ቅባቶች ወገን የሆነው ነው። የሰው ገላ ይህን ቅባት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ያገኘዋል። ይኸው ቅባት ግን በሌላ ወገን ጠባየ ልዩ ነው። አየር ሲያገኘው እየጠነከረ ይደርቃል። ስለዚህ ለመጥበሻ የሚመች ዘይት አይደለም፤ ለቀለምና ለእንጨት መወልወያ ግን ተወዳዳሪ አልነበረውም። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በዚህ ዘይት ይለውሱ ነበር፤ ሥዕሉንም በተልባ እግር ሸራ ላይ ይሥሉ ነበር። በ1860ዎቹ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ዋልተን ከደረቀው ዘይት ሊኖሌዎም የሚባለውን የወለል ምንጣፍ ሠራ፤ ስሙም ተልባና ዘይት ከሚሉት የላቲን ቃላት የተገኘ ነው። የእንጨት ሠራተኞች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይህ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት የተነሣ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም በውኃ ነክሮ መጣል ይገባል።

አሁን ወደ እግሩ እንመለስ፤ ሌሎች አገሮችም በእርሱ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። በአየርላንድ በ1711 የተልባ እግር ሥራን የሚመራ ጉባኤ በመንግሥት ተቋቁሞ እስከ 1828 ድረስ ቈየ። ይህ ጉባኤ ሕዝቡን በምክር ብቻ አልያዘውም። በ1796 አንድ ኤከር መሬት ተልባ ለዘራ ሰው አራት የመፍተያ መንኰራኵር፥ አምስት ኤከር ለዘራ ደግሞ አንድ የሸማኔ ዕቃ ይሰጥ ነበር። ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰውም ስሙ በዚያ መዝገብ ተጽፏል። መንግሥት የገበሬውን ጥረት ከፍሬው በፊት በመሣሪያ ስላገዘው፥ የተልባ እግር ሥራ ያን አገር በዓለም ሁሉ አስጠራው። ነገር ግን አየርላንዶች አገዳውን ገና ሳይበስል ስለሚነቅሉት፥ ለመዝሪያ የሚሆነውን ዘር በየዓመቱ ከአሜሪካ በመርከብ ይገዙ ነበር። እነርሱ ለእግሩ ብለው ፍሬውን አጡ፤ እኛ ለፍሬው ብለን እግሩን አጣን።

ከዚህ የተለየ ሌላ ታሪክ ደግሞ ከፈረንሳይ አገር እንጥቀስ። ናፖሊዮን የእንግሊዝን የጥጥ ጨርቅ ከአውሮፓ ለማስወጣት አስቦ፥ የተልባ እግርን በመኪና ለመፍተል ለሚችል ሰው አንድ ሚሊዮን ፍራንክ እንደሚሸልም በ1810 ዐወጀ። ፊሊፕ ደ ዢራር የሚባል ፈረንሳዊ በዚያው ዓመት መኪናውን ሠራ። ይሁን እንጂ መንግሥቱ ወደቀ፤ ሽልማቱም ሳይከፈል ቀረ። ዢራርም ሀብቱን በዚህ ጨርሶ ከአገሩ ወጣ፤ ወደ ኦስትሪያ፥ ኋላም ወደ ፖላንድ ሄደ። በዚያም በጥበቡ የተቋቋመው ፋብሪካ ከተማ ወለደ፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ በስሙ ዢራርዱፍ ትባላለች። ጥበበኛን ተስፋ ሰጥቶ መርሳት ጥበቡን ለሌላ አገር ማስረከብ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

ከዚያ ወዲህ ጥጥ በርካሽነቱ አሸነፈ፤ ተልባ ግን አልጠፋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላኖች ክንፍ የሚሸፈነው በአየርላንድ የተልባ እግር ጨርቅ ነበር። የወረቀት ነገርም እንደዚሁ ነው፤ ወረቀት ከእንጨት መሥራት በ19ኛው መቶ ዓመት ከመስፋፋቱ በፊት የአውሮፓ ወረቀት ይሠራ የነበረው ካረጀ የተልባ እግርና የጥጥ ጨርቅ ነው። ዛሬም የአሜሪካ ዶላር ወረቀት ከመቶ 25 እጁ የተልባ እግር፥ የቀረው ጥጥ ነው። በዛሬው ቀን በቃጫው ከሁሉ የምትቀድመው ፈረንሳይ ስትሆን፥ ቤልጅግና ሆላንድ ይከተሏታል። ለዘሩ ደግሞ ሩሲያ፥ ካዛክስታንና ካናዳ የታወቁ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ልባም ሰው ሊጠይቀን የሚገባ ጥያቄ አለ። «የእኛ ተልባ እንደ ፈረንሳዩ ተልባ ለመልካም ጨርቅ ይሆናልን?» ቢለን፥ ነገሩን ሳናስውብ እንመልሳለን። ሁለቱ በወገን አንድ ሲሆኑ በጠባይ ይለያያሉ። ለቃጫ የሚዘራው ተልባ ተጠጋግቶ ይዘራል፤ ስለዚህ ቅርንጫፍ ሳያወጣ ወደ ላይ ይመዘዛል። ዘሩ ሳይጠነክርም ይነቀላል። የእኛ ግን አጭርና ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ነው፤ ዘሩም ፈጽሞ እስኪደርቅ ስለሚቈይ ቃጫው ይሻክራል። ከአንድ ማሳ ምርጥ ዘርና ምርጥ ቃጫ በአንድነት ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ገበሬው ነገ ተነሥቶ የተልባ እግር ሸማ እንዲሠራ መምከር ከንቱ ተስፋ መስጠት ነው።

ሆኖም ለጥሩ ጨርቅ የማይሆነው ሁሉ ለምንም አይሆንም ማለት አይደለም። በካናዳ ለዘር የሚዘራው ተልባ እንደ እኛው አጭር ነው። አገዳው ቶሎ ስለማይበሰብስና ለእርሻ መሣሪያ እንቅፋት ስለሚሆን፥ ብዙ ገበሬዎች ያቃጥሉት ነበር። አንዳንዱ ግን ተሰብስቦ ቃጫው ለሲጋራ ወረቀትና ለሌላም ቀጭን ወረቀት ሆኗል። እንግዲህ ምሳሌ ልናደርገው የሚገባን መጀመሪያ ይህን ነው። የተልባ ገለባ ለከብት የሚመች መኖ ስላልሆነ፥ እግሩን ለሥራ ብንወስደው ከበሬው አፍ የምንነጥቀው ብዙ ነገር የለም።

ስለዚህ ነገር በሥልጣን ላሉትና ለሊቃውንቱ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የሆለታና የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከሎች ለዘሩ ብዙ ደክመዋል፤ «ጭላሎ»ና «በላይ 96» የተባሉት የተሻሻሉ የተልባ ዘሮች የዚህ ድካም ፍሬ ናቸው። ለወደፊት አንድ የተልባ ዘር ሲመረመር የፍሬው ብዛትና የዘይቱ ልክ ብቻ ሳይሆን የአገዳው ቁመትና የቃጫው መጠንም አብሮ ቢመዘን፥ በትንሽ ወጪ ትልቅ እውቀት ይገኛል። ከውጭ የመጣ የቃጫ ተልባም በደጋው በጥቂት መሬት ተዘርቶ ከአገሩ ጋር ቢመዛዘን መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ ሥራው ከገመድ፥ ከጆንያና ከወረቀት ይጀመር። መልካሙ ጨርቅ እጅ ከለመደ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሦስተኛ፥ አገዳው በወንዝና በምንጭ እንዳይዘፈዘፍ ከመጀመሪያው ሥርዐት ይውጣለት። የተዘፈዘፈ ተልባ ውኃውን ያገማል፤ ዓሣውንም ይፈጃል፤ ከታች ያለው ሕዝብና ከብትም ይጐዳል። በሜዳ ላይ በጤዛ ማላላት ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ተልባ የሚሰበሰብበት ወራት በእኛ አገር የበጋ ወራት ስለ ሆነ፥ ጤዛው ይበቃ እንደ ሆነ በየቦታው መፈተን ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ ገበሬው አገዳውን ሰብስቦ ሲያመጣ የሚከፈለው ዋጋ አስቀድሞ ይነገረው፤ የተነገረውም ይፈጸምለት። ድካሙን ከዋጋ ጋር ያላየ ገበሬ በሁለተኛው ዓመት እንደማይመለስ የታወቀ ነው፤ የዢራር ታሪክ ለሊቅ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

አምስተኛ፥ ካህናትና የቅኔ መምህራን ስለ ክታንና ስለ በፍታ በሚያስተምሩበት ጊዜ፥ ተማሪውን ወደ አውድማው ወስደው አንድ የተልባ አገዳ ቢያሳዩት እንወዳለን። አገዳውን በጣቱ ሰብሮ ልጡን ሲስብ፥ ቃጫው ሳይበጠስ ተመዝዞ ሲወጣ ያያል። ይህን ያየ ልጅ ቃሉን አይረሳም፤ ምናልባትም አድጎ ነገሩን የሚሠራ ይሆናል።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት የፍሬውን ዕጣ በሚገባ ይናገራል፤ ስለ እግሩ ግን የተነገረ ተረት አልሰማንም፤ የተጣለ ነገር ተረት አይወጣለትምና። የዘንድሮው ተልባ ተሰብስቦ አውድማው ሲጠረግ፥ ከዳር የሚቀረው ክምር የካህናት ልብስና የመጻሕፍት ወረቀት የነበረ ነገር መሆኑን ተመልካች ሁሉ ያስብ። ከማሰብ በኋላም አንድ ሸክም እንኳ ቢሆን አንሥቶ የሚመዝን፥ የሚቀጠቅጥና የሚፈትን ሰው ከየመሥሪያ ቤቱ ይነሣ።